ከሰባት በመቶ ንቅንቅ የማይሉት ኦቦ ጀቤሳ

በአገራችን የጡረታ ሊቅ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሷል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሊቁ ግን ሁልጊዜ በቦታው አለ። አዋጁን ከነማሻሻያው በፌስታል ይዞ ይዞራል። ለእኛ አምቦ ላይ የደረሱን፣ የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ፣ ክቡር ሊቀ ጡረታ ኦቦ ጀቤሳ ናቸው።

ሰላምታቸው እንደ ሰው አይደለም። «አካም ጅርታ?» ይሉሃል፤ መልስህን ሳይጠብቁ፣ «አገልግሎትህ ስንት ዓመት ሞላው?»

ለቅሶ ቤት ይገባሉ። ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እሳቸው አጠገቤ ጠጋ ብለው፣ «የማቹ የመጨረሻ ሦስት ዓመት ደሞዝ አማካዩ ስንት ነበር?» ይሉኛል፣ አፈር ከተመለሰበት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ።

ባጃጅ ላይ ተሳፍረው ሾፌሩን ኤቢሳን፣ «የጡረታውን ሰባት በመቶ ከገቢህ አንተ ትከፍላለህ እንበል፤ የአሠሪውን አሥራ አንድ ማን ይከፍልልሃል?» ብለው ያፋጥጡታል።

«ኦቦ፣ መጀመሪያ ነዳጁን ማን እንደሚከፍልልኝ ይንገሩኝ!»

የሒሳብ ሠራተኛው ወንድወሰን የኃላፊነት አበል የተጨመረለት ዕለት ለስላሳ ጋበዘን። ጠርሙሱ ሳይከፈት ኦቦ ጀቤሳ ደረሱ። «ጡረታ ይህን አበል አያውቅም፤ ደሞዝህን ብቻ ነው የሚያውቀው» አሉት። የዚያን ዕለት ለስላሳ መድኃኒት መድኃኒት እያለን ጠጣነው።

እኔም አልማርኳቸውም። «የሰባት በመቶ ጳጳስ» የሚል ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ሲመጡ ቢሮውን በጓሮ በር መውጣት ያስለመድኩትም እኔው ነኝ።

በግንቦት ግን የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ አስካለች መዝገብ ቤት ገቡ። እኔ ለፋይል ሄጄ እዚያው ቆሜ ነበር። ሐምሌ ላይ ስድሳ ሞልቷቸው ከሥራ ይሰናበታሉ፤ አገልግሎታቸው ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ከስድስት ወር ብቻ ነው። አሥር ያልሞላ ሰው ወርኃዊ ጡረታ የለውም፤ አንድ ጊዜ የሚሰጠውን ተቀብሎ ይሰናበታል። ባላቸው አቶ ወልደሰንበት ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ ቤቱን ያቆመው የእትዬ አስካለች ደሞዝ ነው።

«ጀቤሳ፣ አንድ ነገር አስቤያለሁ» አሉ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «ከእንግዲህ እጥፍ ይቆረጥብኝ። በሰባቱ ፈንታ አሥራ አራት። የጎደለኝ ወር ይሞላል።»

«አስኩ፣ ይሄ አሥራት ነው እንዴ፣ እንደ እምነትሽ የምትጨምሪው? ሰባት ወለሉም ጣሪያውም ነው! ብትለምኚም ስምንት አይቆርጡብሽም።»

«ከራሴ ደሞዝ?»

«ከራስሽ ደሞዝ! ደግሞስ ብር ወር ይሆናል? ጡረታሽን የሚወስነው ያገለገልሽው ዘመንና የመጨረሻ ሦስት ዓመት ደሞዝሽ ነው። ያጠራቀምሽው ቢሆንማ ባንክ ነበር የሚባለው።»

ሰውዬው ሴትዮዋን ሊያስለቅሱ ነው ብዬ አንድ መርዘኛ ቃል አፌ ላይ አዘጋጀሁ። ኦቦ ጀቤሳ ግን ወንበር ሳቡላቸው።

«ቆዪ፤ እዚህ ከመቀጠርሽ በፊት የት ሠርተሻል?»

«ሸነን ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት። ያው ጽዳት ነው። ልጄን ስወልድ ተውኩት።»

«ቋሚ ነበርሽ? ጡረታ ይቆረጥብሽ ነበር?»

«ይቆረጥ ነበር መሰለኝ። ስወጣም የመለሱልኝ ነገር የለም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«የተውኩትን ሥራ ማን ይቆጥርልኛል ብዬ።»

ይህ ስህተት የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ሰው ጥሎት የወጣውን ሥራ ማንሳት ያፍራል፣ የፈታት ሚስቱ ይመስል። ኦቦ ጀቤሳ በማግስቱ የዓመት ፈቃዳቸውን ጠየቁ። ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በገዛ ኪሳቸው በሚኒባስ ሸነን ወረዱ። «ጳጳሱ ሐዋርያዊ ጉዞ ወጡ» ብዬ ቢሮውን አሳቅሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«አገኘሁት! አንድ ዓመት ከአራት ወር፣ ቋሚ፣ ጡረታ የተቆረጠበት! ማስረጃውን በማኅተም ጽፈውልኛል። ሂድና ንገራት፤ እኔ ዝናብ ይዞኛል፣ መኪና የለም፣ እዚሁ ማደሬ ነው።»

ለምሳ ካልሆነ ሮጬ የማላውቅ ሰው ሮጥኩ። እትዬ አስካለች ደረጃ እየወለወሉ ነበር። አሥሩ ዓመት ሞልቶ እንዳለፈ ነገርኳቸው። መወልወያውን ግድግዳ አስደግፈው እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

«በየወሩ?»

«በየወሩ።»

«እስከ ዕለተ ሞቴ?»

«እስከ ዕለተ ሞትዎ።»

ትንሽ አሰቡበት። «እንግዲያ ምን አስቸኮለኝ!» ብለው እየሳቁ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ይህን ልንገራቸው ብዬ ሸነን ደወልኩ። ኦቦ ጀቤሳ ሳቅ ምናቸው ነው! «የባሏን ስም በተተኪነት በትክክል አስሞላት፤ እሷ ብትቀድም ግማሹ ለእሱ ይተላለፋል» ብለው ጀመሩና አንቀጹን ከነንዑስ አንቀጹ ያነቡልኝ ያዙ። ሁለቴ ካርድ አለቀብኝ። ሁለቴም ሞልቼ መልሼ ደወልኩ።