ጠዋት የገደልኳቸው ጎረቤቴ ከሰዓት በኋላ መጡ

ወዳጆቼ፣ ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላረጋግጥላችሁ፦ አቶ ሽፈራው በሕይወት አሉ።

ጤነኛ ናቸው። እራታቸውን በልተዋል። እባካችሁ አትደውሉላቸው፤ ዛሬ የደወለላቸው ሰው በቂ ነው።

እኔ ግን እኚህን ሰው ዛሬ ጠዋት ገደልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩላቸው። ከዚያም ከኋላዬ መጥተው ማን እንደሞተ ጠየቁኝ።

በቅደም ተከተል ለመናገር እሞክራለሁ። ከተሳሳትኩ ይቅርታችሁን እሻለሁ፤ የማስታወስ ችሎታዬን በተመለከተ ከራሴ ጋር ክርክር ላይ ነኝ።

ለማታውቁኝ፦ ዲላ ከተማ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ዕፅዋት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የዛፎችን የላቲን ስም አልረሳም። የምረሳው የጎረቤቶቼን ስም ነው። ዋንዛ ሳይ «ኮርዲያ አፍሪካና» ወዲያው ይመጣልኛል፤ ከዋንዛው ሥር የቆመውን ሰው ግን «እንደምን አደርክ፣ የኔ ጌታ» ብዬ አልፈዋለሁ።

ስንቱ የኔ ጌታ እንዳለኝ አትጠይቁኝ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ባቄላ እሳት ላይ ጥጄ ረሳሁት። ድስቱ ከሰል ሆነ። ሐዋሳ የምትኖረው ልጄ ሰናይት ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ሐዋሳ የተዘጋጀልኝ ክፍል አለ። ንጹሕ ነው። መስኮቱ የጎረቤትን ሕንፃ ግድግዳ ያሳያል። እኔ ደግሞ ቤቴን፣ ጓሮዬን፣ በገዛ እጄ የተከልኩትን ዋንዛ ትቼ የትም መሄድ አልፈልግም። እንግዲህ እንዳይደገም መጠንቀቅ ነበረብኝ።

ተጠነቀቅሁ። ውጤቱን ታያላችሁ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነውን ጌም ያስለመዱኝ ሐጂ ከድር ናቸው። ሐጂ ዋናው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጉልበታቸውን ታመው በተኙበት ሰሞን በስልካቸው ጀምረውት፣ ድነው ሲነሡም አልተዉትም። ደንበኛ ጨርቅ ይለካልኝ ብሎ ቆሞ እርሳቸው ዋሻ ውስጥ ናቸው።

የጨዋታው ዓይነት ሮግላይክ ይባላል። አንድ ሰው ይሰጣችኋል፤ ስም ታወጡለታላችሁ፤ ከአንዱ ወለል ወደ ቀጣዩ እያለ ዋሻ ይወርዳል። ከሞተ ሞተ። ካቆማችሁበት መቀጠል የለም። ሌላ ሰው፣ ሌላ ስም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ወለል።

የመጀመሪያ ሰውዬዬን አይጥ ገደለችው።

አይጥ።

ታብሌቴን ዘግቼ ሐጂን «ይህ ጨዋታ ሳይሆን ስድብ ነው» አልኳቸው። «መጀመሪያ ሞቱን ይልመዱት መምህር፤ ጣዕሙ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው» አሉኝ።

አልዋሻችሁም፤ ለብዙ ጊዜ ምንም ጣዕም አልመጣም። የደከምኩበት ሁሉ በአንድ ጥፍር ሲጠፋ ምን ጣዕም አለው?

ቀስ እያለ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ዋሻው በየጊዜው ይለዋወጣል። ትናንት በስተግራ የነበረው ደረጃ ዛሬ የለም። ትናንት መድኃኒት የነበረው ቀይ ብልቃጥ ዛሬ መርዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንገዱን በቃሉ የሸመደደ ሰው ምንም አይጠቀምም።

አስቡት እስቲ። ማስታወስ ዋጋ የሌለው ቦታ በስተርጅና አገኘሁ። እዚያ እኔና ማንኛውም ጎረምሳ እኩል እንገባለን። የሚያስፈልገው ማየት፣ ማሰብና አለመቸኮል ነው፤ እነዚህ ደግሞ እስካሁን ጥለውኝ አልሄዱም። ከዚያ ወዲህ ስሞት አልቆጣም። «እሺ፣ ቀጣይ» እላለሁ።

አንድ ጉድለት ግን አለብኝ፦ ቆጣቢ ነኝ።

ሐጂ ያገኙትን ብልቃጥ ሁሉ እዚያው ይጨልጡታል፤ አንዳንዴ ይታወራሉ፣ አንዳንዴ ይበራሉ። እኔ ለክፉ ቀን ብዬ ከረጢት ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሁልጊዜም ከረጢቴ እንደሞላ እሞታለሁ። «ዘንዶው እየዋጠዎት ከዚህ የባሰ ምን ክፉ ቀን ይጠብቃሉ መምህር?» ይሉኛል ሐጂ።

የስም ማውጣቱን ነገር ደግሞ ለሕክምና አዋልኩት። ወደ ዋሻ ለምልከው ሰው ሁሉ የእድራችንን አባል ስም እሰጣለሁ። የሞተብህ ሰው ስም አይረሳም ብዬ ነው። ሠራ። አሁን መንገድ ላይ ጎረቤቶቼን በስማቸው ጠርቼ ሰላም እላለሁ፤ ጤንነታቸውን ስጠይቅ ግን ትንሽ እሳቀቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ተራው የአቶ ሽፈራው ነበር። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የአጥር ጎረቤቴም ናቸው፤ ሰናይትን በልጅነቷ እሽኮኮ እያሉ ያሳደጉልኝ እርሳቸው ናቸው።

እንዴት ያለ ተዋጊ ወጣቸው መሰላችሁ። እኔም ሐጂም ደርሰንበት ወደማናውቀው ወለል ወረዱ። እዚያ ዘንዶ ገጠማቸው። ከረጢታቸው በብልቃጥ ተሞልቷል። አንዱን ላጠጣቸው፣ አሁን ላጠጣቸው፣ ቆይ ትንሽ ልይ ስል ሞቱ።

ልቤ ተነካ። ለሐጂ ማሳወቅ ነበረብኝ። እኔ ደግሞ አጭር መልእክት መጻፍ አልችልም፤ ሟችንም አንተ አልልም። እንዲህ ስል ጻፍኩ፦

«አቶ ሽፈራው ዛሬ ማለዳ ማረፋቸውን የምገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። እስከ መጨረሻው በጀግንነት ታግለዋል። መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ ሳይወስዱት መቅረታቸው እጅግ ያንገበግባል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሴንድ አልኩና ስልኬን አስቀምጬ ጋደም አልኩ።

ለሐጂ የላክሁት መስሎኝ ነበር። የሄደው ለእድሩ ግሩፕ ነው።

እንዴት ሰው አያጣራም ትሉ ይሆናል። በዚያ ግሩፕ ውስጥ ወሬ በመጣ ቁጥር «ምንጭ ይጠቀስ» እያልኩ ኮሜንት የምጽፈው ሰውዬ እኔ ነኝ። «መምህር ከጻፈውማ አለቀ» ተባለ።

ደግሞም መርዶ በስልክ አይነገርም። አቶ ሽፈራው እሸት ቡናቸውን ሊያስለቅሙ ኮንጋ የሚባል ገጠር ነበሩ፤ አስከሬኑ ከዚያ ይመጣል ተብሎ ታሰበ፤ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ይርጋጨፌ እህታቸው ዘንድ ናቸው። ለእትዬ አስቴር ማንም አልደወለም፤ ሽማግሌዎች ነገ ጎሕ ሲቀድ ሄደው ሊያረዷቸው ተመርጠዋል። ለአቶ ሽፈራውም ማንም አልደወለም። ለሟች ማን ይደውላል?

በዚህ ዓይነት ከባለቤቱ በስተቀር ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

እኔን የቀሰቀሰኝ የእድራችን ለፋፊ የዱካሌ ጥሩምባ ነው። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ከአጥሬ ማዶ ድንኳን እየተተከለ ነው።

«ማነው ዱካሌ?»

«ጋሽ ሽፈራው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

እዚህ ላይ ፍረዱብኝ፤ ላገናኘው ይገባ ነበር። እኔ ግን መልእክቱ ሐጂ ዘንድ እንዳለ ነው የማውቀው። ስለዚህ ያ ሁሉ ዘመን ሳይንስ ያስተማረ ጭንቅላቴ ያሰበው ምን መሰላችሁ? «ስሙን ጠርቼ ዋሻ ሰደድኩት፤ ገደልኩት።»

ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሰዉ በየተራ ትከሻዬን እየያዘ «አይዞህ መምህር፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ይለኛል። ስለ ጌሙ እንዴት አወቁ እያልኩ ይበልጥ ደነገጥኩ።

በዚህ መሐል የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሰማሁ። ከኋላዬ የደረቀ ድምፅ መጣ፦

«ማነው የሞተው? አስቴር ናት?»

ፊቴን ሳላዞር «አይደለችም፤ ሽፈራው ነው» አልኩ።

«የትኛው ሽፈራው?»

ዞርኩ።

አቧራ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። በራቸው ላይ ድንኳን አይተው በመጡባት በዚያች አጭር መንገድ ምን እንዳሰቡ ፊታቸው ላይ ነበር። ይህን ፊት እንድረሳው አልፈልግም።

ከዚያ ድንኳኑ ተደበላለቀ። አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ። ዱካሌ ጥሩምባውን ጣለ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የእኔን መልእክት ሰጣቸው፤ አቶ ሽፈራውም መነጽራቸውን አድርገው፣ ቃል በቃል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዋሻ ቢኖር ያለ ጎራዴ እገባ ነበር።

ያዳኑኝ ሐጂ ከድር ናቸው። ለከፈን የሚሆን ነጭ ጨርቅ ታቅፈው እያለከለኩ ደረሱ፤ ሟቹን ቆመው አዩ፤ መልእክቱን አዩ፤ ከዚያም ጨርቁን እንደታቀፉ ተቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። ስለ ጌሙም ለሰዉ ሁሉ አስረዱ። «እኔም በመምህር እጅ ሞቻለሁ» አሉ በኩራት።

አቶ ሽፈራው ሰምተው ሲጨርሱ ከጎኔ ተቀመጡ።

«በምን ሞትኩ?»

«በዘንዶ።»

«መድኃኒት ይዤ?»

«ከረጢት ሙሉ።»

«ለማን ነበር የምታስቀምጥብኝ? ሁለተኛ ስትገድለኝ ጨርሼው ልሙት።»

ልስቅ ስል ሰናይት ገባች።

ልጄ እኔን ለመከታተል ስትል የእድሩ ግሩፕ ውስጥ እንዳለች ነግሬያችኋለሁ? አልነገርኳችሁም መሰለኝ። መልእክቱን አይታ ከሐዋሳ እያለቀሰች መጥታለች፤ የነጠላዋ ጥለት አንገቷ ላይ ነው። አቶ ሽፈራውን ስታይ ጮኻ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ነገሩን ነገሯት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

አልጮኸችም።

«አባዬ፣ ዕቃህን እናዘጋጅ።»

ተደግሟላ።

ሽንኩርት ሲከትፉ የነበሩት ወይዘሮ አልማዝ ጣልቃ ገቡ። «ቆይ፣ እኔንም ገድለኸኛል መምህር?»

«አዎ፣ ወይዘሮ አልማዝ። አረንጓዴ ብልቃጥ ነው የገደለዎት።»

«እኔስ?» አለ ከጀርባቸው ያለው።

«አንተ ጸጋዬ ነህ። ጉድጓድ ውስጥ ወደቅህ። ከጎንህ ያለው ቦሩ በእባብ ነው። ወይዘሮ ዘነበች በረሃብ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን ምን ገደለኝ?» አለ ዱካሌ።

«አይጥ።»

«አይጥ? ሌላ ነገር አልነበረም?»

«ሁለት አይጦች ነበሩ» አልኩ ለማጽናናት።

ሳቁ ተነሣ። ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እየዞርኩ ሁሉንም በየስማቸው፣ ከነአሟሟታቸው ተናገርኩ። የተገደሉት ይኮራሉ፤ ገና ያልተገደሉት ቅር ይላቸዋል። ምን እያደረግሁ እንደሆነ ያስተዋልኩት የሰናይትን ፊት ሳይ ነው። ባለፈው ፋሲካ እነዚህኑ ሰዎች የኔ ጌታ፣ የኔ እመቤት ስል ሰምታኝ ነበር።

«ሁሉንም ታውቃቸዋለህ?» አለችኝ።

«ከነአሟሟታቸው።»

«እኔንስ በምን ገደልከኝ?»

«አንቺን አላስገባሁሽም።»

«ለምን?»

«የሞተ አይመለስማ።»

ከዚያ የነጠላዋን ጥለት ከአንገቷ አውርዳ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እስከ ፋሲካ እንይ እንግዲህ» አለች። «በራሱ የሚጠፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ እልክልሃለሁ።»

«ዕቃውስ?» አሉ አቶ ሽፈራው።

«ባለበት ይቀመጥ።»

ወይዘሮ አልማዝ የተከተፈ ሽንኩርት አይጣልም ብለው ምስር ወጡን ሠሩ። ድንኳን ከተተከለ ሳይበላበት አይነቀልም ተባለ። አቶ ሽፈራው የራሳቸውን ተዝካር ሁለቴ አስጨምረው በሉ።

አሁን እቤት ነን። ሰናይት «እኔንም አስገባኝ» አለችኝ፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀችኝ፦ «ያገኘሁትን እጠጣለሁ። እንዳታስቀምጥብኝ።»

ሁለተኛው ወለል ላይ ሰማያዊ ብልቃጥ አገኘች። ጣቴ ወደ ከረጢቱ ሄደ፤ ልማድ ነው። ወዲያው መለስኩትና አጠጣኋት።

ታወረች።

ልጄ እስክታነባ ሳቀች። «ቀጥል አባዬ፣ እየዳበስን እንሄዳለን» አለች። ይህን ስጽፍ እየዳበስን ሦስተኛው ወለል ደርሰናል፤ ከረጢታችን ባዶ ነው፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተጫውቼ አላውቅም። ወይም ተጫውቼ ከሆነ አላስታውሰውም።

አንድ ምክር ብቻ ስጡኝ። ከቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተላከ መርዶ እንዴት ነው የሚጠፋው? አቶ ሽፈራው ከሥሩ የተጻፈላቸውን «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነበሩ» አንብበው ስላልጠገቡ እንዳትነካው ብለውኛል። ሐጂ ከድርንም ጠየቅኋቸው።

«አይጠፋም መምህር፤ ከተላከ ተላከ» አሉኝ፤ «ሮግላይክ ነው።»