ሾላው ድረስ፣ ሳይቆሙ

በእኛ አገር ትልቅ ሰው አይሮጥም። ልጅ ይሮጣል፣ ጥጃ ይሮጣል፣ አትሌት ይሮጣል፤ ቦርጭ ያወጣ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ሲሮጥ ከታየ ግን ወይ እያባረሩት ነው፣ ወይ እያባረረ ነው። ይህን በድፍረት የምናገረው ቦርጩም ሽበቱም የራሴ ስለሆኑ ነው።

አርባ ስምንት ዓመት በሞላኝ ሰሞን ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለካና «አንድ ወር እሰጥዎታለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆሙ መሮጥ ከቻሉ እናያለን፤ ካልሆነ ኪኒን ይጀምራሉ» አለኝ። ኪኒን ፈራሁና ሮጥሁ። ከቤቴ ተነስቶ የጣናን ዳር በደንገሉ አጠገብ ይዞ አስፋልቱ ዳር ያለው ትልቁ ሾላ ድረስ ልክ ግማሽ ሰዓት ነው። ባለቤቴ የሺ «ሳትቆም ከደረስህ ያን ጭቃ የጠገበ ጫማህን እኔው በእጄ አጥብልሃለሁ» ብላ ቃል ገባችልኝ። እንደማልደርስ እርግጠኛ ሆና ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሩጫው ደስ ይላል። ማለዳ ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ገፍተው ሲገቡ፣ ጸሐይዋ ከውኃው ላይ ብቅ ስትል፣ ሳንባዬ እየተቃጠለ ልቤ ይስቃል። ያስቸገረኝ እግሬ ሳይሆን ሰላምታ ነው። የቤታችን የንስሐ አባት፣ አባ አለባቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቄስ ናቸው፤ በዚያው ሰዓት ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ በዚያችው ቀጭን መንገድ ፊት ለፊት እንገናኛለን። መስቀል ሳይሳለሙ ማለፍ የለ። ከተሳለምሁ በኋላ ደግሞ እኔን ጨርሰው የሺን፣ የሺን ጨርሰው ልጆቹን፣ ልጆቹን ጨርሰው በጎንደር መንገድ እንፍራንዝ ያለችውን እናቴን፣ እናቴን ጨርሰው የእናቴን ላም ይጠይቁኛል። ላሟ ደህና ናት እስክል ላቤ ደርቋል። ሌላ መንገድ አትይዝም ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ በአንዱ በኩል ውኃ፣ በሌላው በኩል አጥር ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔው እንቁላል ግን ሃያ ዘጠኝ ማለዳ ሙሉ እዚያችው ቦታ ላይ ቁጭ አለ።

ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ጨከንሁ። አባ ከሩቅ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሲያወጡ አየሁ። አንገቴን ደፋሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁና በጎናቸው ሹልክ አልሁ።

ጥቂት እንደ ራቅሁ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

«ልጄ! ጉማሬ ነው?»

ትንፋሽ ስላጠረኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

«መርዶ ነው? እናትህ ናት?»

አሁንም ነቀነቅሁ። አይደለም ማለቴ ነበር፤ ከኋላ ለሚያይ ሰው ግን እየሮጠ ራሱን የሚነቀንቅ ጎልማሳ ሐዘንተኛ ነው። ቆሜ ማስረዳት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ሾላው ይታየኛል! አባ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸንፍጠው፣ የጎማ በረባሷቸውን እያንጣጡ ደረሱብኝ። «አይዞህ፣ ብቻህን አትሄዳትም! አስፋልቱ ላይ ቀድሜ መኪና ላስቁምልህ!» ብለው አለፉኝ። ሳል እንኳ አላሳላቸውም።

ሾላው ሥር ስደርስ አንድ የጎንደር ሚኒባስ ቆሟል። አባ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መሐል አስፋልት ላይ ናቸው፤ ተሳፋሪዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀውልኛል፤ አንዲት ሴት ከንፈሯን ትመጥጣለች። እኔ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ «ደረስሁ!» እያልሁ ሳቅሁ።

«ወይኔ፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ» አለ ረዳቱ።

«አባ፣ ማንም አልሞተ» አልሁ፣ ትንፋሼ ሲመለስ። «እየሮጥሁ ነው።»

«ማን እያባረረህ?»

«ሐኪም።»

ሚኒባሱ እያጉረመረመ ሄደ። አባ አፍጥጠው አዩኝ፣ እኔም በኀፍረት መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። «ታዲያ መስቀል ለመሳለም ቁም ያለህ ማን ነው? እኔስ እግር የለኝም?» አሉ። አብረን ወደ ቤት ተመለስን።

የሺ ለአባ የእግር ውኃ ይዛ ወጣች። ጉዱን ሁሉ ሰማችና «እውነት ሳይቆም ደረሰ፣ አባ?» ብላ ጠየቀች።

«ደርሷል» አሉ አባ። «እኔ ራሴ ቆሜ ጠብቄዋለሁ።»

የሺ አየችኝ። እሳቸውን አየች። ሳሙናዋን አነሳችና የአባን በረባሶ ታጥብ ጀመር።

በማግስቱ ሐኪሙ ለክቶ «ኪኒኑ ይቆይ፣ ሩጫው ይቀጥል» አለኝ። አሁን አባ ማለዳ ማለዳ መንገዷ ላይ ይጠብቁኛል፤ መስቀሉን እየሮጥሁ እሳለማለሁ፣ እሳቸው ጎን ጎኔ እየሮጡ ስለ ላሟ ይጠይቁኛል፣ መልሱን ሾላው ሥር ስንደርስ እሰጣቸዋለሁ። ጫማዬ እንደ ቆሸሸ በረንዳው ላይ አለ። የሺ ቃሏን አላጠፈችም፤ አባን የቀደምህ ዕለት አጥበዋለሁ ብላለች።