እናቴ በእሳት አደጋው መኪና ማይክ

ወገን፣ ዛሬ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ስሜን ብቻ ቢሆን ደግሞ ምን ነበረበት!

የቤት ስሜን ነው ያወቁት።

አዎ፣ ያንኑ። እናቴ ብቻ የምትጠራኝን። ጡጦ ከምጠባበት ጊዜ ጀምሮ የተለጠፈብኝን። በማይክ! በጠራራ ፀሐይ! ዩኒፎርም ለብሼ!

ቪዲዮው ሳይደርሳችሁ እኔው ራሴ ልናገር ብዬ ነው። ሌላ ሰው ሲያወራው ይብሳል።

ለማታውቁኝ፣ ኢማድ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ካርቱም ነው። አባቴ የዚህ አገር ሰው ነበር፣ አላህ ይርሐመው። እናቴ የደሴ ልጅ ናት፤ ዘሃራ ትባላለች፤ አርካዊት ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ "እትዬ ዘሃራ" ይላታል። እኔ የምሰራው መጣፊ ነው። እሳት ማጥፋት ማለት ነው።

ስራዬን እወደዋለሁ። ወላሂ እወደዋለሁ! መኪናችን አሮጌ ናት፣ ሳይረኗም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚጮኸው፤ ግን መንገድ ላይ ስትወጣ ረክሻው፣ አውቶብሱ፣ የአህያ ጋሪው ሁሉ ዳር ይይዛል። የውሃ ቱቦውን ደግሞ በአረብኛ ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? ኸርጡም! የከተማዋ ስም ራሱ! እኔ እንግዲህ ካርቱምን ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ የምሮጥ ሰው ነኝ።

ጉራዬን እዚህ ጋ ልጨርሰው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተጠራን። ባለ ሁለት ፎቅ ህንጻ ነው፤ ምድር ቤት ያለው የፍራሽ መሸጫ ተያይዟል። ፍራሽ ሲነድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚገድለው ነበልባሉ አይደለም፣ ጭሱ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣም የሚል ጭስ።

ስንደርስ ግማሹ ሰፈር ወጥቷል። አንዱ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል፣ አንዱ ምክር ይሰጣል። "በዚህ በኩል ርጩ!" "ኧረ በዚያ በኩል!" እሳት ሲነሳ ሁሉም አለቃ ነው።

የኛ እውነተኛ አለቃ አም ኢድሪስ ይባላል፤ አጎት ኢድሪስ እንደማለት ነው። ጢሙ የሸበተ፣ ሲቆጣ ድምጹን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ባልደረቦቼን ሱቁ ላይ ውሃ አስለቀቀና ቀና ብሎ አየ።

አንደኛ ፎቅ ላይ ፍርግርግ ብረት ያለው መስኮት አለ። አንዲት ሴት ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ብቅ አለች። ዩኒፎርማችንን ስታይ ወዲያው ጠፋች።

"ሐበሻት ናቸው፣ አራት ሆነው ነው የሚኖሩት" አለ አንድ ጎረቤት።

አም ኢድሪስ ወደኔ ዞረ። "ኢማድ፣ ያንተ ሰዎች ናቸው። ውጣና አምጣቸው።"

ያንተ ሰዎች! ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ብታዩ! ከመጣፊው ሁሉ አማርኛ የምችል እኔ ብቻ ነኛ። ጭምብሌን አጠለቅኩ፣ የአየር ሲሊንደሬን አዘልኩ፣ ደረጃውን በሩጫ።

በሩ ብረት ነው። ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደበደብኩ።

የሚከፍት ሲጠፋ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሹክሹክታ አለ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ቁም ሳጥን ነው። በሩን እየደገፉት ነው!

ያኔ ገባኝ። ዩኒፎርም፣ ቡትስ ጫማ፣ በር ድብደባ... ከሻ መስሏቸዋል!

ከሻ የካርቱም ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ወረቀት የሌለው ሰው የሚታፈስበት ቀን ነው። እናቴ እኔን አርግዛ ከከሻ ሸሽታ አጥር ዘላለች። እና እነዚህ ሴቶች ሞኞች አይደሉም። ከጭሱና ከኔ ማን ይሻላል ብለው አሰቡ፤ ጭሱን መረጡ።

በአረብኛ ጮህኩ። ባሰ! ከሻ የሚመጣው በአረብኛ ነዋ!

እሺ፣ በአማርኛ። አሁን አድምጡኝ፣ ጉዱ እዚህ ጋ ነው።

እኔ አማርኛ የተማርኩት ከእናቴ ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ሰርታ፣ ደክሟት ስትገባ፣ ከኔ ጋ የምታወራው አንድ ዓይነት አማርኛ ነበር። ቁጣ! ሌላውን በአረብኛ ነው የምንጨርሰው። ስለዚህ ጭንቅ ሲይዘኝ አፌ ላይ የመጣው ይሄ ነው፦

"ና ውጣ! ውጣ ብያለሁ! እዚያ ገብተህ ምን ትሰራለህ? መጥቼ ሳልይዝህ ውጣ!"

አራት ሴቶችን። "አንተ" እያልኩ። "ሳልይዝህ" እያልኩ!

"ወይኔ ጉዴ! አማርኛ የሚችል አምጥተውብናል!" አለች አንዷ ከውስጥ። ሌላ ነገር ተጎተተ። አልጋ ይመስለኛል።

ተረጋጋ ኢማድ አልኩ ለራሴ። ማን እንደሆንክ ንገራቸውና ይከፍታሉ። መጣፊ በአማርኛ ምን ነበር? አውቀዋለሁ እኮ... እሳት... እሳት የሆነ ነገር...

"አትፍራ! እኛ እሳት ነን!"

እኛ። እሳት። ነን።

ልቅሶ ጀመሩ።

አሁን ስጽፈው እስቃለሁ፤ ያኔ ግን አልሳቅኩም። ባልደረባዬ በብረት ዘንግ በሩን ሞከረ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ብረት መቁረጫው ያለው ሌላኛው መኪና ላይ ነው። ሌላኛው መኪና ደግሞ ከወንዙ ማዶ ከኦምዱርማን ሲመጣ ድልድዩ ላይ ተጨናንቆ ቆሟል። ጭሱ በበሩ ስር እየገባ ነው። ከውስጥ የአራት ሰው ሳል ይሰማ ነበር።

ቆይቶ የሦስት ሆነ።

እዚህ በር ላይ የቆምኩት እነሱን ላወጣ ነው፤ ግን እነሱን ያስቀረኋቸው የኔው አፍ ነው።

ወደ ታች ሮጥኩና ስልኬን አወጣሁ። አትሳቁ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማ!"

"ምን ሆንክ? ምነው ታስላለህ?"

"እማ፣ የአገርሽ ልጆች ጭስ ውስጥ ናቸው፣ ከሻ መስሏቸው በር አልከፍት አሉ።"

"ምን ብለሃቸው ነው?"

ነገርኳት። ሁሉንም።

"'እኛ እሳት ነን' አልካቸው?" አለች። "አገናኘኝ።"

አም ኢድሪስ አማርኛ አያውቅም፤ ግን ፊቴን አይቶ ገባው። የመኪናውን ማይክ ከቦታው አንስቶ ሰጠኝ። የስልኬን ድምጽ እስከ መጨረሻው ለቅቄ ከማይኩ አፍ ጋ ገጠምኩት።

ወገን፣ እናቴ ያለ ማይክም ስልክ ላይ ስታወራ ኦምዱርማን ትሰማለች። ማይክ ሲጨመርበት አስቡት!

"እናንተ ልጆች! ዘሃራ ነኝ! የደሴዋ! አርካዊት ያለሁት! ከሻ አይደለም፣ እሳት አጥፊ ናቸው! በሩ ላይ የሚጮኸው እብድ የኔ ልጅ ነው!"

መስኮቱ ላይ ያቺ ባለ ሻርፕ ብቅ አለች።

"አማርኛው አያስደንግጣችሁ! ሳላስተምረው የቀረሁት እኔ ነኝ! እሱ እንኳን ሰው ሊያፍስ ዶሮ ይዞ አያውቅም! ድቡልቡሌ ነው የምለው! ድቡልቡሌ! ክብሪት መጫር የሚፈራ ልጅ ነው፣ እስከ ዛሬ ምድጃ የምለኩስለት እኔ ነኝ!"

እማ። እማ በቃ።

በቃ? ሰፈሩም ይግባው ብላ በአረብኛ ደገመችው! ከነክብሪቱ!

እውነት ነው፣ አልዋሽም። የሚነድ ቤት ውስጥ እገባለሁ። ክብሪት ስጭር ግን ጣቴን የሚበላው ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ቱቦውን የያዙት ባልደረቦቼ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ውሃው ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ያ ሁሉ ስልክ ከእሳቱ ላይ ዞሮ እኔ ላይ ተደቀነ።

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። ያን ድምጽ እኔም ሰምቼው አላውቅም።

"ኑ ልጆቼ። ኑ የኔ እናቶች። እኔም እንደናንተ በር ዘግቼ አውቃለሁ። ማንም አይነካችሁም። ልጄ ከፊታችሁ ነው።"

ልጄ ከፊታችሁ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ስደርስ አልጋው እየተጎተተ ነው፣ ቁም ሳጥኑ እየተጎተተ ነው። መቀርቀሪያው ተከፈተ። ሦስቱ እርጥብ ጨርቅ አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። አራተኛዋ ወለሉ ላይ ናት።

ሶፊያ ትባላለች። ያጣሁት አራተኛ ሳል የሷ ነበር።

ጭምብሌን አውልቄ ፊቷ ላይ አደረግኩላት። ስልጠና ላይ እንዲህ አይደረግም ብለውናል። እኔ አደረግኩ። ትከሻዬ ላይ ጣልኳት፤ ሦስቱ ጃኬቴን ጨብጠው ተከተሉኝ፤ ዓይናችንን ጨፍነን ደረጃውን በዳበሳ ወረድን።

ውጭ ስንወጣ ሰፈሩ "አላሁ አክበር!" አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሶፊያን መሬት ላይ አጋደምናት፤ አየር ሰጠናት፤ ጸለይኩ። ሳለች። አወይ ደስ የሚል ሳል! እንደገና ሳለች። ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ።

"ክብሪት የምትፈራው አንተ ነህ?"

ለዚህ ነው ከእሳት ያወጣሁሽ!

ጨረስኩ እንዳትሉ። የሱቁ እሳት ጠፍቶ ጭሱ ብቻ ሲቀር አንድ የፖሊስ ፒካፕ መጣ። ሕዝቡን ለመበተን ነው የመጣው። ሴቶቹ ግን ያን አያውቁም። አራቱም ባንዴ ደረቁ። አንዷ እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ ገባብኝ። እናቴ በማይክ "ማንም አይነካችሁም" ብላለች፤ አሁን ያን ቃል የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ምላሴ ደግሞ ተሳሰረ፤ በየትኛውም ቋንቋ!

አም ኢድሪስ ሰተት ብሎ ፖሊሱና ሴቶቹ መካከል ቆመ። ድምጹን ዝቅ አደረገ። ስንት ዓመት ከሱ ጋ ስሰራ ያን ያህል ዝቅ ሲያደርግ አልሰማሁም።

"ጭስ የበላቸው ሰዎች የኔ ናቸው። ከኔ ጋ ይሄዳሉ።"

ፖሊሱ ወጣት ነው። ሴቶቹን አየ፣ አም ኢድሪስን አየ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ሕዝቡን ሊበትን ሄደ።

"ያላ፣ ውጡ" አለ አም ኢድሪስ፣ የመኪናውን በር ከፍቶ።

መንገድ ላይ ያለ ክሊኒክ አሳየናቸው፤ ሐኪሟ ሳንባቸውን አዳመጠችና "እረፍት ነው የሚፈልጉት" አለች። ቤታቸው ጥላሸት ነው። የት ያርፋሉ?

"እናትህ የት ነው የምትኖረው?" አለኝ አለቃዬ።

እንግዲህ ዛሬ አመሻሹ ላይ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና፣ አራት የወሎ ሴቶች ጭና፣ አርካዊት እናቴ ደጃፍ ቆመች። ጎረቤት ሁሉ የሚነድ ነገር ፍለጋ ወጣ። የሚነድ የለም፤ እንግዳ ነው የመጣው።

እናቴ አንድ በአንድ አቀፈቻቸው። የየትኛው አገር ልጅ፣ የማን ልጅ ብላ ጠየቀች፤ የሁለቱን አገር ታውቀዋለች። ሶፊያ አንገቷ ስር ገብታ አለቀሰች። ወደ ቤት አስገባቻቸው፤ እኔን ያየችኝ አልመሰለኝም። ደስ አለኝ፤ ቀስ ብዬ ወደ መኪናው ማፈግፈግ ጀመርኩ።

"አንተ! ና ወዲህ!"

ሄድኩ። ባልደረቦቼ በሙሉ መስኮት ላይ ናቸው። ገላዋ ላይ የተጠመጠመውን የቶቧን ጫፍ አነሳች፣ ምራቋን አስነካች፣ አገጬን ይዛ ጥላሸቱን ትጠርግልኝ ጀመር። እንደ ሦስት ዓመት ልጅ! ጆሮዬ ስር ሁሉ ሳይቀር!

"ዲቡልቡሌ" አለ አንዱ ከመኪናው፣ በአረብኛ ምላሱ። ሌላው ተቀበለው። ሱዳኖች ስሙን ወደውታል፣ አፋቸው ላይ ይጥማቸዋል። ከእንግዲህ ጣቢያው ውስጥ ኢማድ የሚባል ሰው የለም።

አም ኢድሪስ ወርዶ መጣ። ይሄ ሰው አመስግኖን አያውቅም። "ያ ሐጃ፣ ልጅሽ ዛሬ ወንድ ሆኖ ነው የዋለው" አላት።

"አውቃለሁ" አለች እናቴ። ቀና ብላ እንኳን አላየችውም፤ ግራ ጉንጬን እየጨረሰች ነበር።

እስቲ ፍረዱኝ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው፣ አለቃው ፊት፣ ሰፈር ፊት፣ እናቱ በምራቅ ፊቱን ስትጠርግለት መሸሽ አለበት ወይስ መቆም?

እኔ ቆምኩ። እንዲመቻት ብዬ አገጬን ሁሉ ቀና አደረግኩላት።