ጋሼ ይማም ብረት ፍለጋ ሲወጡ

ሜልቦርን ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው ምን ይሥራ? አገር ቤት ቢሆን ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የዕድሩን ሊቀመንበር ያርማል፤ እንዲያውም ሥራ ላይ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ጊዜ ያጣል። እዚህ ግን ባልና ሚስቱ ሎየር ይዘዋል፤ ለቅሶውም የሚደረሰው የሥራ ሺፍት እየታየ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሆቢ ይፈልጋል። አንዱ ዓሣ ያጠምድና መልሶ ይለቀዋል። ሌላው አበባ ይኮተኩታል። ሆቢ ማለት ማንም ሳያዝዝህ፣ ማንም ሳይከፍልህ የምትደክምበት ነገር ነው።

ብሬብሩክ ሰፈር የሚኖሩት የወሎው ሰው ጋሼ ይማም ግን ሪታየር እንዳደረጉ የብረት መፈለጊያ ማሽን ገዙ። ረጅም ዱላ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ነገር አለው። ጆሮ ማዳመጫ ታደርጉና መሬቱን እያስታከካችሁ ታወዛውዙታላችሁ፤ ከሥር ብረት ካለ ይጮኻል። አሮጌ እርሻ ላይ የጥንት ገበሬዎች የጣሉት ሳንቲም፣ የፈረስ ጫማ፣ የኮት ቁልፍ ይገኝበታል አሉ። እኔ የገዛ ቤቴን ቁልፍ ፈልጌ የማላገኝ ሰው ነኝ። ግን መኪና አለኝ፤ ስለዚህ ተመረጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ላነሳቸው ስሄድ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ በር ላይ ያዙኝ።

«ጋሼህ ያንን ነገር ጆሮው ላይ ሲያደርግ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምነው እትዬ? አሮጌ ሳንቲም ፍለጋ እኮ ነው።»

«አልነገረህማ! ወታደር ቤት ሥራው ፈንጂ መልቀም ነበር። ጓደኞቹን መሬት በልቷቸዋል። እንግዲህ ዛሬ በገዛ እጁ ያንኑ ማሽን ገዛልኝ!» አሉና ክንዴን ጨመቅ አደረጉት። «ዓይንህ ከሱ ላይ አይነሳ።»

ይህን ሁሉ ዘመን ስንተዋወቅ ጋሼ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ ብለው አያውቁም። መንገዱን ሙሉ በጎን እያየኋቸው ነዳሁ። እሳቸው ያንጎራጉራሉ።

የእርሻው ባለቤት ማርጋሬት የሚባሉ አሮጊት ናቸው። የቆፈራችሁትን ጉድጓድ መልሳችሁ ድፈኑ፣ የግቢውን በር ዝጉ ብለው ፈቀዱልን። ድሮ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ጭስ ማውጫው ብቻ ቆሟል፤ አጠገቡ ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አገር ቤት የምናውቀው የቁንዶ በርበሬ ዛፍ። መጀመሪያ ላይ ምስማር አገኘን፤ ቀጥሎ የቆርቆሮ ቁራጭ፤ ከዚያ ግማሽ የፈረስ ጫማ። ጋሼ እያንዳንዱን አፈሩን አራግፈው፣ አገላብጠው አይተው፣ ኪሳቸው ይከታሉ። ሱሪያቸው ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ።

ዛፉ ሥር ሲደርሱ ማሽኑ ረጅም ጩኸት ጮኸ። ጋሼ በትንሿ አካፋ አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ክብ፣ ጥቁር፣ ወፍራም ብረት ብቅ አለ፤ መሃሉ ላይ ጉብ ያለ ነገር አለው።

ፊታቸው ተለወጠ።

«ቁም! ባለህበት ቁም! እግርህን እንዳታነሳ!»

ድምፁ የማውቀው የጋሼ ድምፅ አልነበረም። ማሽኑን ቀስ ብለው አስቀመጡና በሆዳቸው ተኙ። እኔ አንድ እግሬን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አድርጌ ሐውልት ሆኜ ቀረሁ። ይህ የአውስትራሊያ ስንዴ ማሳ ነው፤ ማን ፈንጂ ይቀብርበታል? ጭንቅላቴ ይህን ያውቃል። ጉልበቴ ግን አላመነም። በዚህ መሃል ማርጋሬት የሻይ ፔርሙዝ ይዘው ወደ እኛ ሲመጡ አየኋቸው።

«ስቶፕ!» ብዬ ጮኽኩ።

ቀጥ አሉ። «እባብ ነው?»

«እባብ በሆነ!» አልኩ።

ጋሼ በሁለት ጣታቸው የብረቱን ዙሪያ ያብሳሉ። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። እኔ አፍንጫዬን ይበላኛል፤ አላከውም። ጣታቸው ከብረቱ ሥር ገባና ቆመ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቁ ነው! ተነሥተው ቁጭ አሉና ብረቱን ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

የድስት ክዳን።

አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ሁለታችንም እኩል መሬቱ ላይ ተዘረርን። እንደዚያን ቀን አየር ጣፍጦኝ አያውቅም።

ማርጋሬት መጥተው ክዳኑን ሲያዩ ዓይናቸው በራ፤ የቅድመ አያታቸው ቤት እዚያ እንደነበረ ነገሩን። ጋሼ ይቅርታ ለመጠየቅ በእንግሊዝኛቸው ተጣጣሩ፦ «ማይን! ማይን መስሎኝ!» ማይን ደግሞ በእንግሊዝኛ ፈንጂም ነው፣ «የኔ»ም ነው።

«በደስታ! የእርስዎ ይሁን፣ ይውሰዱት» አሉ ማርጋሬት። አንቱታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩን ሳስረዳቸው የማርጋሬት ፈገግታ ጠፋ። ጋሼ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጡና ሻይ ቀዱላቸው። ያኔ ጋሼ ማውራት ጀመሩ። ስለ ጓደኞቻቸው፣ ፈንጂ ሲለቅሙበት ስለነበረው አሸዋ፣ ስለ ማሽኑ ድምፅ። እኔ አስተረጎምኩላቸው።

«ያኔ ይህ ማሽን ዝም እንዲል ነበር ዱዓ የማደርገው» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን እንኳ ሲጮኽ ደስ እንዲለኝ ፈለግሁ።»

ከዚያ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ተነሡ። «ክዳኑ እዚህ ከሆነ ድስቱም ሩቅ አይሆንም» ብለው ማዳመጫቸውን አጠለቁ።

እኔን እንኳ ተዉኝ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የሚጠጣው ሰው ያስፈልጋል።