ከመውጣት ይጀመር

ለጀማሪ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አጥብቆ የሚመክረው ራሱ ያላነበበውን ነው። እኔም ፊደል በቅጡ ሳልቆጥር እመክር ነበር።

በደርግ ጊዜ የእህቴ ልጅ የአባቶቼን ኦሪት ልማር ብትል፣ ወለቃ ካሉት የቤተ እስራኤል ቄሳችን ዘንድ ወሰድኋት።

«ከየቱ መጽሐፍ ልጀምር?» አለች።

«ከዘፍጥረት ነዋ፤ ዓለምስ የተጀመረው ከዚያ አይደል?» አልሁ፣ ማን እንደጠየቀኝ እንጃ።

«የለም አያ፣ ከዘፀአት፣ ከመውጣቱ ትጀምር» አሉ ቄሱ።

ለካ የቀበሌው ጠባቂ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ያን ጊዜ ከወገኖቻችን ወደ ሱዳን ሊወጣ ነው የተባለ ሁሉ ይታሰር ነበር።

«ማነው የሚወጣው?» አለ።

«እስራኤል ናቸው ልጄ፣ ከግብፅ። የድሮ ነገር ነው» አሉ ቄሱ።

«ፈቃድ ነበራቸው?»

«ንጉሡ ከልክሏቸው ነበር።»

ጠባቂው ልጅቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ በሩን ገርበብ እያደረገ፣ «እንግዲያው ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንብቡ» አለን።