የረቡዕ ዶሮ

"ደከመኝ" የሚል ሰው የሌለበት ሕንፃ ቆሞ አያድርም። የኛን፣ እዚህ ስደት አገር ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለውን ሕንፃ፣ ደግፈው የያዙት ክብርት እትዬ ስንታየሁ ናቸው።

እትዬ ሲደክማቸው እንጂ ሲቀመጡ ያየ የለም። ሊፍት ሲበላሽ "ደከመኝ" እያሉ በደረጃ ይወጣሉ። የታመመ ሊጠይቁ "ደከመኝ" ብለው ይገቡና ወለሉን ወልውለው፣ በሽተኛውን ተቆጥተው ይወጣሉ። ወንበር ሲቀርብላቸው የገበያ ቦርሳቸውን ያስቀምጡበታል።

ጥር ላይ ባለቤቴ መሰረት ስታርፍ ቤቴን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ጫማዬን የት እንደማወልቅ ሳይቀር ያዝዙኛል፤ እኔም እታዘዛለሁ። ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ካሳዬ መጣ። ከላይኛው ፎቅ ብቻውን የሚኖር፣ በደርግ ዘመን የቀበሌ ጠባቂ ነበር እየተባለ የሚታማ ሽማግሌ ነው። እውነቱን የጠየቀው የለም፤ እሱ ያለበት ሊፍት ውስጥ ግን አበሻ አይገባም። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

እትዬ ተቀብለው ከፈቱት። ዶሮ ወጥ ነው። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ።

"ይኸውላችሁ" አለ ብርሃኑ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር። "በጾም ቀን ለሐዘን ቤት ዶሮ። ድሮስ ከሱ ምን ይጠበቃል? ይዞት ይመለስ።"

ካሳዬ ድስቱን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። "ረቡዕ መሆኑን አላወቅሁም" አለ ቀስ ብሎ።

"ከየት ያውቃል?" አሉ እትዬ። "አንተ ብርሃኑ፣ ጾሙን ማን ነው የሚያስታውስህ?"

"ሚስቴ ናታ።"

"እሱንስ ማን ያስታውሰው?"

እኔ አቀርቅሬ ነበር። እኔንም የምታስታውሰኝ መሰረት ነበረች።

"እናንተን ማስረዳት ደከመኝ" አሉ እትዬ። ድስቱን ፍሪጅ ውስጥ ከተው በሩን ዘጉት። "እዝን አይመለስም። ነገ ሐሙስ ነው፤ ካሳዬ፣ ለምሳ መጥተህ አብረኸን ትበላለህ።"

በማግስቱ መጣ። ብርሃኑ ስልክ እያወራ ኮሪደር ላይ ቀረ፤ ሌሎቹም ከካሳዬ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። እትዬ ወጡን አሙቀው አቀረቡ። ጨው በዝቶበታል። "ደከመኝ" አሉና ከካሳዬ ጎን ያለውን ባዶ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በታጣፊ ስልካቸው ይደውሉልኛል። "ጾም ነው። ደከመኝ" ይሉና ይዘጋሉ፤ ቀጥሎ ለካሳዬ መደወል አለባቸው።

አሁን አሁን ቀኑን ራሴ ማስታወስ ጀምሬአለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።