የጋሽ ሸምሱ ሁለት ክረምት

በክረምት ጎልፍ የሚለማመድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ። ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ከእኔ ሱቅ ጎን ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ ጎረቤቴ ናቸው።

የጆበርግ ክረምት ብርድ እንጂ ዝናብ የለውም። ሰኔ ገብቶ ሳሩን ውርጭ ሲያለብሰው ጋሽ ሸምሱ የጎልፍ ዱላቸውን ያነሱና ኳሷን ከብርድ ልብሱ ቁልል ጋር ያላትሟታል። ሜዳ ግን ወጥተው አያውቁም። «ልምምድ ነው» ይላሉ፤ «ክረምቱ ይውጣና በበጋ አብረን እንጫወታለን።» እኔም አምኜ ጫማ ገዛሁ። ምን ላድርግ፣ አነጋገራቸው የሻምፒዮን ነው!

አንድ ቀን አንዲት የዙሉ እናት ብርድ ልብስ ዘርግተው ሲያዩ ኳስ ዱብ አለች።

«ሃይቦ! የእናንተ ብርድ ልብስ እንቁላል ይጥላል እንዴ?»

ጋሽ ሸምሱ ፈገግ እንኳ ሳይሉ «ምርቃት ነው፣ ይውሰዱት» አሏቸው። በሳምንቱ ከኦሬንጅ ፋርም ድረስ የመጡ ባለሱቆች ብርድ ልብሱን እያራገፉ እንቁላል ሲፈልጉ ዋሉ።

ኅዳር ላይ ሙቀቱ መጣ። ጫማዬን አድርጌ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ክረምቱ ወጣ፤ እንሂድ!»

ይህን ስል ሰማዩ አጉረመረመና ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ የጆበርግ ዝናብ የሚመጣው ከሙቀቱ ጋር ነው። ጋሽ ሸምሱ ወደ ውጭ አዩ።

«በዚህ ዝናብ? ክረምት እኮ ነው!»

«ያለፈውስ ምን ነበር?»

«እሱም ክረምት ነበር።»

«ታዲያ በጋው የት ሄደ?»

ዱላቸውን ቀስ ብለው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት።

«በጋማ አገር ቤት ቀረ፣ ልጄ።»